እትዬ ፀሐይነሽ ያልበሉት ስቴክ

«ኮሪያን ያስቀየመችው ሴትዮ» ይሏቸዋል እትዬ ፀሐይነሽን፣ እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ። ሃበሻ ሱቅ ውስጥ ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰምቻለሁ። አንዴ ደግሞ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ታክሲ ነጂዎች በሳቸው ሲሳሳቁ ሰምቼ ደሜ ፈላ። «በሷ ምክንያት ስንት ሰው ከሥራ ወጣ» ይላሉ። ውሸት ነው። በሳቸው ምክንያት አንድም ሰው ከሥራ አልወጣም። ጎናቸው ቆሜ ስሠራ ስለነበርኩ የሆነውን አውቃለሁ። የፕላንቱን፣ የሥጋ ፋብሪካውን፣ ስም ግን አልጽፍም፣ እኔም ገና እዛው ነኝ፣ ሌሎቹም ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በሱ ነው።

እትዬ ፀሐይነሽ ከጎንደር በሱዳን አድርገው የመጡ ናቸው። ከባላቸው ከጋሽ ወልደገብርኤል ጋር የተጋቡት ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ነው። ልጅ አልወለዱም። ዴንቨር ሲገቡ እሳቸው ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠብና መተኮስ ጀመሩ፣ ጋሽ ወልደገብርኤል ደግሞ ፓርኪንግ ውስጥ ገቡ። በኋላ እትዬ ፀሐይነሽን ወገባቸውን ሲያማቸው ጊዜ አንድ የሀገራቸው ሰው ኮመርስ ሲቲ አጠገብ ወዳለው የሥጋ ፕላንት ወሰዳቸው። «ሥጋ ከአንሶላ ይሻላል፣ ቢያንስ ተኩሺኝ አይልም» ይሉ ነበር።

ሥራው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክፍሉ ፍሪዘር ነው። በአንድ እጅ ቢላ፣ በሌላው የብረት ጓንት፣ ሥጋው በቤልት እየመጣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መቁረጥ ነው። እኛ የምንሠራበትን ጠረጴዛ «የእስያ ቴብል» ይሉታል፣ ምክንያቱም ምላሱ ወደ ጃፓን፣ ጎድኑ ወደ ኮሪያ ነበር የሚሄደው። አሜሪካኖች ምላስ አይወዱም። እትዬ ፀሐይነሽ እዛ ቴብል ላይ ከማንም በላይ ቆይተዋል። ሄልሜታቸው ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ «ፀሐይ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሁሉም የሚያውቃቸው በሱ ነው።

ከዛ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሦስት፣ በነሱው ገና ሰሞን፣ አንዲት ላም ታመመች። አንዲት! ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ኮሎራዶን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ላም። የላም ዕብደት የሚባለው በሽታ ነው ተባለ። በማግስቱ ጃፓን በሯን ዘጋች፣ ኮሪያም ዘጋች። ምላሱ ፍሪዘር ውስጥ ተከመረ። ባለሥልጣኖቹ ከዋሽንግተን ዲሲ ይዝታሉ፣ ቶኪዮና ሶል ያሉት ደግሞ እምቢ ይላሉ። እነሱ ስብሰባ ላይ ውሃቸውን እየጠጡ ሲጨቃጨቁ የኛ ሰዓት ይቆረጣል። ለምንድነው የኛ የሚቆረጠው? የነሱ ደሞዝ ተቆርጦ ያውቃል? ማንም መልሶልኝ አያውቅም።

እትዬ ፀሐይነሽ ግን ኮሪያዎቹን ሰድበው አያውቁም። «ሰው ያልፈለገውን አይበላም፣ መብቱ ነው» ይሉ ነበር። «የገረመኝ፣ እነሱ አንበላም ሲሉ የኔን ሰዓት ምን ቆረጠው?»

በሁለት ሺህ ስድስት መጨረሻ ላይ ኮሪያ እሺ አለች፣ ግን አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ነው የማስገባው አለች። ተላከላት። እዛ ሲደርስ በማሽን ሲያዩት ሩዝ የምታክል የአጥንት ፍንጣሪ አገኙ። ሩዝ! ለሷ ብለው የመጣውን ጭነት በሙሉ አንቀበልም አሉ። የኛ ፕላንት ሥጋ እንኳን አልነበረም፣ የሌላ ነው። ቢሆንም በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ እኛ ላይ ጮኸ።

በዛው ሰሞን የጋሽ ወልደገብርኤል ልብ ባሰባቸው። ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ ትንሽ ሲያወሩ እንኳን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐኪሙ ልባቸው ውስጥ ያለው ቫልቭ ካልተቀየረ ዓመት አይቆዩም ብሎ ለፌብሩዋሪ ቀጠሮ ሰጣቸው። ኢንሹራንሱ ያለው በእትዬ ፀሐይነሽ ነው። ቢሮው ደግሞ በግልጽ ነገራቸው፣ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ሰዓትሽ ፉል ታይም ካልሆነ ኢንሹራንስሽ ይዘጋል። እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ኮሪያ ሥጋ ከገዛች ሰዓት አለ፣ ሰዓት ካለ ኢንሹራንስ አለ፣ ኢንሹራንስ ካለ ጋሽ ወልደገብርኤል አሉ።

ዲሴምበር ላይ ማናጀሩ ግሬግ እየሮጠ መጣ። የኮሪያ ገዢዎች ሊጎበኙን ነው፣ ከዋሽንግተንም አንድ የመንግሥት ሰው አብሮ ይመጣል፣ ፎቶ አንሺም አለ አለ። ከዛ እትዬ ፀሐይነሽን በጣቱ ጠቆማቸው።

«አንቺ ነሽ የምትበይው» አላቸው። «ስቴክ ጠብሰን በፊታቸው ትበያለሽ። ስደተኛ ሆነሽ መጥተሽ፣ ዜጋ ሆነሽ፣ ራስሽ የቆረጥሽውን ሥጋ ስትበይ ያዩሻል። ቆንጆ ፎቶ ነው። ኮሪያዎቹ ይፈርማሉ፣ ሰዓትሽ ይመለሳል።»

መልስ እንኳን ሳይጠብቅ ሄደ። መቼ እንደሆነ አልነገረንም፣ እኛም ለሌላ ጊዜ ነው ብለን ሥራችንን ቀጠልን።

ለካ ሐሙስ ኖሯል። ከሥራ መሃል ጠርተውን ምሳ ክፍል ገባን። እኔን ለማስተርጎም ነው የወሰዱኝ። ግሪሉ ይጨሳል። አንድ ሽማግሌ ገዢና ሁለት ጎልማሶች ከነሱፋቸው ቆመዋል፣ ከነሱ ጋር አስተርጓሚ፣ እዚሁ አውሮራ ሃቫና መንገድ ላይ ላውንደሪ ያላት ኮሪያዊት። የዋሽንግተኑ ሰውዬ ቀይ ከረባት አድርጎ ይስቃል። ግሬግ ስቴኩን በሹካ ወግቶ ለእትዬ ፀሐይነሽ ሰጣቸው። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ።

እትዬ ፀሐይነሽ ሹካውን ያዙ። አዩት። መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ጾም ነው በለው» አሉኝ።

ነገርኩት። ግሬግ ፊቱ ተለወጠ።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው!» አለ። «ረቡዕና ዓርብ እንደማትበሉ አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል! ለናንተ ብዬ ነው ሐሙስ ያደረግኩት!»

እውነቱን ነው፣ አስቦበታል። የገና ጾም ከገባ ሳምንት ማለፉን ግን ማን ይንገረው? ጠይቆ ቢሆን እንነግረው ነበር።

ቶሎ ብሎ ዞር ሲል ሐሚድን አየ። ሐሚድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ከኛ ማዶ ቆሞ ነው የሚሠራው፣ ወሬ ካለ አይቀርም።

«እሺ ሐሚድ፣ አንተ ጾም የለህም። ና ብላ።»

«ጾምስ የለኝም» አለ ሐሚድ። «ግን እኔ ይሄን አልበላም፣ ሐላል አይደለም።»

«እዚህ ስትቆርጠው አይደል የምትውለው?»

«ልቆርጥ ነዋ የቀጠርከኝ፣ ልበላ አይደለም።»

በሩ ጋ የቆሙት ሜክሲኮዎች «እኛ እንበላለን!» አሉ። ማንም አልሰማቸውም፣ የዋሽንግተኑ ሰውዬ ፎቶውን ያሰበው ከአፍሪካ በመጣ ስደተኛ ነው። ሽማግሌው ገዢ ለአስተርጓሚዋ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ። እሷም «የሚጠይቁት፣ የዚህ ቤት ሠራተኞች የገዛ ሥጋቸውን ለምን አይበሉም ነው» አለች። የግሬግ አንገት እንደ ሰውዬው ከረባት ቀላ። ሃይማኖት ነው ብዬ ለማስረዳት ስሞክር የሚሰማኝ ጠፋ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል። እንግዶቹ ነገ ጠዋት ተመልሰን እንመጣለን ብለው ወደ ሆቴላቸው ሄዱ።

ግሬግ እትዬ ፀሐይነሽን ኮሪደር ላይ አስቁሞ «ነገ ትበያለሽ። አለዚያ ሰዓትሽን እርሺው» አላቸው። ባላቸው እንደታመሙ እኮ ያውቃል!

ወደ ቤት ሐሚድ ነው በመኪናው የሚወስደን፣ ሦስታችንም አንድ ግቢ ነው የምንኖረው።

«እትዬ፣ አዩ አይደል» አለ እየነዳ። «የክርስቲያኑን ሥጋ እኔ አልበላ፣ የእስላሙን እርስዎ አይበሉ። የአሜሪካንን ጊዜ ግን ተስማማን።»

«ዝም በል አንተ! የሰው ነፍስ ተይዞ ይቀለዳል?»

ሐሚድ መንገዱን እያየ ነዳ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ሶፋ ላይ ሦስት ትራስ ተደግፈው ነበር። የሆነውን ነገርናቸው። «ብይው» አሉ።

«ምን አልክ?» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ።

«ብይው ፀሐይ። ለጾም ንስሐ አለው። እኔ ከሞትኩ በኋላ ግን ንስሐ ምን ያደርግልኛል?»

«አንተ ነህ እንዲህ የምትለው? ካምፕ ሆነን፣ ያ ሁሉ ረሃብ እያለ፣ የእርዳታውን ወተት በጾም አልጠጣም ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ያኔ ልቤ ደህና ነበር» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አሁን ፈራሁ። ምን ላድርግ፣ ፈራሁ።»

እትዬ ፀሐይነሽ ኩሽና ገብተው አንዱን ብርጭቆ ደጋግመው አጠቡት። እኔ እዛ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ተነስቼ ወጣሁ። የተናደድኩት በጋሽ ወልደገብርኤል አልነበረም። ሰውን የሚያህል ነገር፣ ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ባልና ሚስት፣ ለአንድ ፎቶ ብለው እንዲህ ሲያነታርኩት! አንድ መንግሥት ሥጋ መሸጥ ሲያቅተው በአንዲት ደሃ ሴት አፍ ነው የሚሸጠው?

ጠዋት እትዬ ፀሐይነሽ መኪና ውስጥ እንደገቡ «እበላለሁ» አሉ። «አፌ ይብላ፣ እግዜር ያውቃል።» ዓይናቸው አብጧል። ሐሚድ እንኳን ቀልድ አልመጣለትም። ሬዲዮኑን አጠፋው።

ልብስ የምንቀይርበት ሎከር ሩም ሲገቡ የሥራ ካፖርታቸውና ሄልሜታቸው የለም። ፈለግን፣ ፈለግን፣ የለም። ሰው ተሳስቶ ወስዶት ይሆናል ብለን እንዲሁ ወደ ምሳ ክፍሉ ሄድን።

በሩን ስንከፍት ፎቶ ይነሳል። ግሪሉ ፊት የቆመችው የቢሮዋ ሪሴፕሽኒስት ናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ፣ ቢላ ይዛ የማታውቅ። ነጩን ካፖርት ለብሳለች፣ የብረቱን ጓንት አጥልቃለች። ጭንቅላቷ ላይ «ፀሐይ» የሚለው ሄልሜት አለ። ስቴኩን ልትጎርስ አፏን ከፍታለች።

ገባችሁ? ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ኮሪያዎቹ የት ይለዩናል ብለው ነው! ያቺ ትላንት እምቢ ያለችው ሴትዮ ዛሬ በላች ለማለት! ሴትዮዋ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱ አድረው፣ ለባላቸው ብለው ጾማቸውን ሊሽሩ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ወደኋላ ልመልሳቸው እጃቸውን ያዝኩ። አስለቀቁኝ።

ቀጥ ብለው ሄደው ሄልሜቱን ከልጅቷ ጭንቅላት ላይ ቀስ አድርገው፣ ፀጉሯን ሳይነኩ አነሱት።

«ኤክስኪውዝ ሚ። ማይን» አሉ።

«አይም ሶሪ፣ ማም» አለች ልጅቷ። ሹካውን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እሷስ ምን ታድርግ፣ እሷም ታዛ ነው።

ግሬግ ለመሳቅ ሞከረና ተወው። ሽማግሌው ገዢ ሄልሜቱን አዩ፣ እትዬ ፀሐይነሽን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዛ ረጅም ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚዋ እየፈራች ነው የመለሰችው።

«የትላንቷ ሴትዮ ይቺ ናት፣ አውቄያታለሁ ይላሉ። ሌላ ሰው ሲበላ ማየት አልፈልግም፣ እሷ ስትበላ ካየሁ ነው የምገዛው ይላሉ። ስለ ጾሟ ማታ እኔ አስረድቻቸዋለሁ፣ መቼ ነው የሚያልቀው ይላሉ።»

«ልበላ ነበር የመጣሁት በላቸው» አሉኝ እትዬ ፀሐይነሽ። «አሁን ግን አልበላም። በኛ ገና ይፈታል፣ ጃንዋሪ ሰባት። ከዛ በኋላ ይምጡ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይምጡ ብለህ አደራ ንገራቸው።»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ግሬግም ሰምቷል፣ የዋሽንግተኑ ሰውዬም ሰምቷል። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ አልተነገረንም ብለዋልና።

እንግዶቹ ሲወጡ ግሬግ መጣ። ይቅርታ ይላል ብዬ ስጠብቅ «እሺ፣ ጃንዋሪ ላይ ብይ፣ ከዛ ሰዓትሽን እሞላልሻለሁ» አላቸው።

እትዬ ፀሐይነሽ ወደኔ ዞሩ። «መጀመሪያ የባሌ ልብ፣ ከዛ የናንተ ሥጋ በለው።»

«እንደሱ ብዬ ልንገረው?» አልኩ።

«እንደሱ ብለህ።»

እንደሱው ብዬ ነገርኩት። ግሬግ እኮ ኮሪያዊው ሽማግሌ ከእትዬ ፀሐይነሽ ሌላ እንደማይፈልጉ በጆሮው ሰምቷል፣ ምን አማራጭ አለው? ከሰኞ ጀምሮ ፉል ታይም ሞላላቸው። ኢንሹራንሱ አልተዘጋም።

ገና መጣ፣ ጾም ተፈታ። ኮሪያዎቹ ግን አልመጡም። ሁለቱ መንግሥታት በዛችው በሩዝ ፍሬዋ አጥንት እንደገና ተጣልተው ጉብኝቱ ተላለፈ። ደግሞ ቀን ተቆረጠ፣ ደግሞ ተላለፈ። እትዬ ፀሐይነሽ በየሳምንቱ ግሬግን «መቼ ነው?» ይሉታል፣ እሱም ትከሻውን ይሰብቃል። ሊበሉ ዝግጁ ነበሩ፣ ቃላቸውን አልበሉም።

ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ጋሽ ወልደገብርኤል ቀዶ ጥገና ገቡ። አዲሱ ቫልቭ ከላም ልብ ሽፋን የተሠራ ነው። ሐሚድና እኔ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ሐሚድ ይሄን ሰምቶ መቼ ያስችለዋል?

«ጋሽ ወልደገብርኤል፣ እርስዎማ ከእንግዲህ ዕድሜ ልክዎን ጾም ሻሪ ነዎት።»

«ሂድ ወዲያ፣ አታስቀኝ፣ ስፌቱ ያመኛል!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ይልቅ ሐላል መሆኑን ጠይቅልኝ፣ አንተ ቤት ስመጣ እንዳትመልሰኝ።»

ከሆስፒታል በወጡ በሁለተኛው ሳምንት ግሬግ ቴብላችን ጋ እየሳቀ መጣ።

«ይመጣሉ! ማክሰኞ! ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብ አይደለም፣ ገናችሁም አልፏል!»

እትዬ ፀሐይነሽ ቢላቸውን አስቀመጡ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አዘኑለት።

«ሁዳዴ ገባ በለው» አሉኝ።

ስነግረው ባዶ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። «እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትበሉት?» አለ።

«ከሁዳዴ በፊት ይምጡ ብዬ ነግሬህ ነበር» አሉት በራሳቸው እንግሊዝኛ። «ፋሲካ ሲሆን እበላለሁ። አሁንም ቃሌ ቃል ነው።»

በዛው ሳምንት አሰናበቷቸው። ስላልበላሽ ነው አላሏቸውም፣ ቦታሽ ተሰርዟል ነው ያሏቸው። ቦታው ላይ ግን ሰኞ ሌላ ሰው ቆሟል፣ እኔ ጎኑ ነበርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ከቆሙ በኋላ! ኮሪያዎቹ መጡ፣ ሽማግሌው ሴትዮዋን ፈልገው አጧቸው፣ ሳይገዙ ሄዱ። ከዛ ወሬው ወጣ፣ ኮሪያን ያስቀየመችው ሴትዮ ተባለ። ይኸው ወሬ እስከ ዛሬ አለ። ያን ጊዜ እኮ ከመላው አሜሪካ ማንም ፕላንት ለኮሪያ ሥጋ እየሸጠ አልነበረም! ሁሉም አንድ ላይ ነው የተዘጋበት። እሳቸው አንድ ሙሉ በሬ ቢበሉ ያ በር ይከፈት ነበር?

አሁን ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ። ከበረዶ ክፍል ይሻላል ይላሉ፣ ወገባቸው ግን ያማቸዋል።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ወጥተን ደረጃው ላይ ቆመን ነበር። አንዲት ሴትዮ፣ ስሟን አልጠራም፣ ወደ እትዬ ፀሐይነሽ ተጠግታ «እናቴ፣ አንድ ጉርሻ ምን አለበት? ለስንቱ ልጅ እንጀራ ነበር እኮ» አለቻቸው። እትዬ ፀሐይነሽ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አይመልሱም።

ጋሽ ወልደገብርኤል ታች መኪናው ጋ ነበሩ። ሰምተዋል። ያ ከሶፋ ኩሽና መድረስ ያቃታቸው ሰውዬ ደረጃውን በሙሉ እየተንደረደሩ ወጡት።

«አንቺ!» ብለው ጮኹባት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ። «የሷን ሥራ ሲቀሟት የት ነበርሽ? ሄልሜቷን ለሌላ ሰው ሲያለብሱ የት ነበርሽ? እኔ ስሞት ልትቀብሪኝ ነበር የምትመጪው? እሷ ናት ያዳነችኝ! እሷ ናት!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ሹልክ አለች። ጋሽ ወልደገብርኤል ገና አልጨረሱም፣ ሊከተሏት ነው። እትዬ ፀሐይነሽ ክንዳቸውን ጨምድደው ያዙ።

«ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ስፌቱ!» አሉ።

«ምን ስፌት!» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ እየጮኹ። ትንፋሽ ግን አላጠራቸውም።